ከሽቦው ሥር ስላሉት ነጫጭ ነጠብጣቦቼ፣ ለጥርስ ሐኪሜ የቀረበ አቤቱታ

ለተከበሩ የጥርስ ሐኪሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለዚያ ለማያልቀው ትዕግሥትዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። እንደሚያውቁት እኔ የምግብ ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሥራዬ በሰው ምድጃ ጀርባ ጣቴን መስደድ፣ ቅባት ካገኘሁም በር ማሸግ ነው። በእንዲህ ያለ ሰው አፍ ውስጥ ገብተው ያደረሱትን በደል ሕዝብ ይወቀው ብዬ ይህን በአደባባይ ጻፍኩ።

አንደኛ፤ አስቀድመው ነግረውኛል። ጥርሴን የሚያቀናውን ሽቦ ባሰሩልኝ ዕለት መስተዋት አስይዘው፣ "በእነዚህ ትንንሽ ብረቶች ዙሪያ ምግብ ይሸሸጋል፤ በልተው ካላጸዱት የጥርስዎን ልባስ ይበላዋል፤ ለስላሳም ይቀንሱ" አሉኝ። ይህን ያህል ግልጽ አድርገው በመናገርዎ፣ አልገባኝም የምልበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፍነውብኛል። እኔም "ይቀንሱ" ያሉትን፣ ከጠርሙስ መጠጣቱን ትቼ በብርጭቆ ማድረግ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ብሩሹንም በጥርሴ ፊት ለፊት እንደ መንገድ ላይ ሰላምታ ወዝወዝ አድርጌ አልፍ ነበር።

ሁለተኛ፤ በብረቶቹ ዙሪያ ነጫጭ ነጠብጣቦች ብቅ ሲሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥርስ ነጣ ማለት ጸዳ ማለት አይደል? ባለቤቴን ጠርቼ "እይ፣ እየነጣልኝ ነው" ብላት ጠጋ ብላ አየችና "አንተ ሰውዬ፣ ይሄማ ኖራው የሚላጥ ግድግዳ ነው የሚመስለው" አለችኝ። ቅናት ነው ብዬ አለፍኳት። እርስዎ ግን ንጣቱ የልባሱ ማዕድን እየተሸረሸረ ለመሆኑ ምልክት እንደሆነ፣ ዝም ከተባለም ጥርሱ እንደሚቦረቦር አስረድተው ያቺን ትንሽ ደስታዬን ቀሙኝ።

ሦስተኛ፤ ያቺ ቀይ ክኒን። "ያኝኳት፤ ያልጸዳው ቦታ ይቀላል" አሉኝ። አፌን ስከፍት አብራኝ የመጣችው ልጄ በመስተዋቱ አጮልቃ አየችና "አባዬ፣ ምግብ ቤት ቢሆን ኖሮ እኮ ታሽገው ነበር" አለች። እርስዎ ፊትዎን ወደ መስኮቱ ቢያዞሩም ትከሻዎ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ስለ ክብሬ ላደረጉት ጥረት ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ ሄድኩ። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት መደርደሪያዋ ሥር ቆሻሻ እንዳለ በቁጣ ስነግራት፣ በትሕትና ሶፍት አቀበለችኝና "ጌታዬ፣ መጀመሪያ አፍዎን ይጥረጉ" አለችኝ። የዚያን ዕለት ማንንም ሳላሽግ ወደ ቤቴ ገባሁ።

አራተኛ፤ ሽቦውን ማጥበቅ አቆሙ። "ያበጠው ድድዎ ካልዳነ፣ ነጠብጣቡም ካልቆመ አልቀጥልም፤ ፈትቼው ያበቃል" አሉኝ። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ የምሸፍን ሰው ነኝ፤ ልጄ የቤታችንን ፎቶዎች ስታገላብጥ "አባዬ፣ አንተ ፎቶ ስትነሳ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምታስለው?" ብላ ጠይቃኛለች። ጥርሴ ግማሽ መንገድ ላይ ተጣሞ ሊቀር ነው ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈራሁ።

ስለዚህ ታዘዝኩ። ያዘዙልኝን፣ ፍሎራይድ የበዛበትን የጥርስ ሳሙናና የጠርሙስ ማጠቢያ የምትመስለዋን ትንሽ ብሩሽ ይዤ ከእያንዳንዱ ብረት በላይና በታች፣ ከሽቦውም ሥር ፈተግኩ። ለስላሳውን በውኃ ተካሁ። ከምሳ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ መታጠቢያ ክፍል አፌን ከፍቼ ከመስተዋት ጋር ስታገል ያዩኝ ባልደረቦቼ "ቧንቧ ሠራተኛው" የሚል ስም አወጡልኝ። ቤት ስገባ ደግሞ ልጄ በስልኳ መብራት ትፈትሸኛለች፤ ምሕረት የላትም፣ በዚህስ እኔን ነው የምትመስለው።

ድዴ ሲድን ማጥበቁን ቀጠሉ፤ ባለፈው ሳምንትም ሽቦው ተፈታ። ጥርሴ ቀጥ ብሏል። ነጠብጣቦቹም አልሰፉም፤ አብዛኞቹ ደብዝዘዋል፣ ሁለቱ ግን ፊት ለፊት ቁጭ ብለዋል፤ ጨርሰው ላይጠፉ እንደሚችሉም እርስዎ ሳይደብቁ ነግረውኛል። የቤታችን በር ላይ የጠበቀችኝ ባለቤቴ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝና "አምሮብሃል፤ እነዚህ ሁለቱ ብቻ አልለቀቁህም" አለች። የእጄ ሥራ ናቸው።

ሁልጊዜ ትክክል በመሆንዎ ለደረሰብኝ ውርደት ካሣ አልጠይቅም፤ ለወደፊቱ ግን ለታካሚዎችዎ ሞራል ሲሉ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲሳሳቱልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ለሰው ጓዳ ጥንቁቅ፣ ለገዛ አፉ ዝርክርክ፣
ታዛዥዎና ባለዕዳዎ፣
የንጽሕና ተቆጣጣሪው

ማስታወሻ፦ በወንበርዎ ላይ በተንጋለልኩ ቁጥር፣ ከትልቁ መብራት ጀርባ የተንሰራፋ የሸረሪት ድር አያለሁ። አፌ በጣቶችዎ የተሞላ ስለነበር እስከ ዛሬ ልነግርዎ አልቻልኩም። ክሊኒክ የማሸግ ሥልጣን የለኝም፤ መሰላል ግን አለኝ።