ጀርባዋን የሰጠችው ሰዓት

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? የምትንከባከቢያቸው ባልቴት ዛሬም ደረጃ ለደረጃ ያመላልሱሻል? እኛ ደህና ነን። ኧረ ምን ደህና ብቻ፣ ዛሬ ጮቤ እየረገጥኩ ነው ቤት የገባሁት። ልጅሽ ክፍል ውስጥ ተናገረች!

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ ለሥራ ባሕር ማዶ ከሄድሽ ወዲህ ቤት ውስጥ እንደ ወፍ ስትንጫጫ ትውልና ክፍል ስትገባ አፏን እንደምትለጉም ነግሬሻለሁ። የእንግሊዝኛ መምህሯ እኔው አክስቷ መሆኔም አልረዳት። እኔ ዝም አይነቅዝም እያልኩ ራሴን ሳጽናና፣ ርዕሰ መምህሯ ግን እስከ መንፈቁ መጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ካልተናገረች ወደ ታችኛው ክፍል ትወርዳለች ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። ዛሬ ደግሞ ራሳቸው መጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ጉብ አሉ።

የያዝነው ትምህርት ሰዓት መናገርና የዕለት ውሎ ነው፤ ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ፣ ስንት ሰዓት ቁርስ ትበላላችሁ የሚለው። ባትናገር እንኳ ትቁም ብዬ ልጅሽን ሰዓት አደረግኳት፤ ፊቷን ወደ ልጆቹ፣ ግራ እጇን ማስመሪያ አስይዤ እንደ ረጅሙ ቆጣሪ ወደ ላይ፣ ቀኝ እጇን እንደ አጭሩ ወደ ጎን። በእንግሊዝኛው ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ክፍሉ በሙሉ ዘጠኝ ብሎ ጮኸ። እኛ ዘጠኝ የምንለውን እንግሊዝኛው ሦስት ይለው የለ? እነዚህ ልጆች ዛሬም በቤታቸው አቆጣጠር ቆጠሩብኝ ብዬ ተቆጣሁ። ደግሜ ብጠይቅ አሁንም ዘጠኝ! በሴትየዋ ፊት ላቤ ጠብ አለ።

ለካ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ! ፊት ለፊት ስላቆምኳት ቀኟ ለእነሱ ግራ ሆኖባቸዋል። ልጅሽ ክንዷን አየች፣ ልጆቹን አየች፣ ከዚያ ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ሦስት ብለው ክፍሉን አናጉት።

እሷ ግን አልተመለሰችም። ወደ ሰሌዳው እንደዞረች፣ ማንም ዓይን ዓይኗን ሳያያት፣ ማስመሪያውን ወደ ቀኝ እጇ አዛውራ ወደ ላይ አነሳችው፤ ግራ እጇን ወደ ሰባት ቁጥር ዝቅ አደረገች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጋ፣ በሰባት ሰዓት እናቴ ፀጉሬን ታበጥርልኛለች አለች።

ርዕሰ መምህሯ አጨበጨቡ፤ ባለችበት ክፍል ትቀጥል አሉ። ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም፤ እኔም ጎሽ አልኳት እንጂ አላረምኳትም። ጧት ጧት ማበጠሪያውን የምይዘው እኔ ነኝ። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ማታ ደክሟት እያንቀላፋች ከምትደውዪ፣ ጧት በእኛ አንድ ሰዓት ላይ ደውዪ። ስልኩን መስታወቱ ጋ አቆምልሻለሁ። በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል እያልሽ አንቺ አበጥሪያት፤ እኔ እጅ ብቻ ልሁን።

ጤናውን ይስጥልኝ፤ መንገድሽን አቅንቶ ከልጅሽ ደጃፍ ያድርስሽ።

ታናሽሽ፣
የልጅሽ አክስት