ቧንቧ ሲንኳኳ አትሸበሩ ላሉን ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ ቴሚርካን ኦራዞቪች፣ የሕንጻችን የማሞቂያ ክፍል ኃላፊ፤ ካራጋንዳ ከተማ።

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ በአንድ ወገን ላባችን እየተንጠፈጠፈ፣ በሌላው ወገን በመስኮት በሚገባው ውርጭ እየሳልን፣ ተመስገን አለን። የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቴ እማማ ራውሻን ግን ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎም በእርሳቸው ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሙቀቱ ላመስግንዎ። ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ በሚሆንበት በዚህ ጥር፣ እኛ በካናቴራ ሆነን መስኮት በርግደን እንቀመጣለን። ቅቤው ሳህኑ ላይ ዘይት ሆኖ ያድራል፤ የማሞቂያውን ብረት የነካ እጁ ይላጣል። እንዳናበርደውም ባለፈው መኸር ሠራተኛ ልከው ከየቤቱ ማሞቂያ የሙቀቱን መክፈቻና መዝጊያ አስነቅለው ወስደዋል፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላውን ይበርደዋል ብለው ነው አሉ። የበረደውን ሰው እስካሁን ፈልገን አላገኘነውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ድምፁ። የፈላ ውሃ ከፎቅ ፎቅ የሚያደርሰው የማሞቂያ ቧንቧ ያፏጫል፣ ያጓራል፣ ከዚያም በመዶሻ የሚቀጠቅጡት ይመስል ይንኳኳል። አቤት ብንል የላኩልን ሠራተኛ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ «እትዬ ሊዲያ፣ አየር ነው፣ አየር! ቧንቧ ሲጮህ እየሠራ ነው፤ ዝም ሲል ነው መፍራት» ብሎኝ፣ ሻዬን ጠጥቶ፣ ከአየሩ ጋር ትቶኝ ሄደ። እርስዎም በማግስቱ በየደረጃው ማስታወቂያ አስለጠፉ፤ ድምፁ የተለመደ ስለሆነ ነዋሪዎች እንዳይሸበሩና ጎረቤታቸውን እንዳይረብሹ የሚል። እኛ ታዛዦች ነንና አልተሸበርንም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይጸየፋል። እማማ ራውሻን በዚያ ሙቀት ራሳቸውን አዙሯቸው ኩሽና ውስጥ ወደቁ። ስልካቸው ሌላ ክፍል ነበር። በዚህ ሕንጻ ያረጁ ሰው ናቸውና ልማዱን ያውቃሉ፤ እኛ ዘንድ የተቸገረ ሰው ጎረቤቱን የሚጠራው ቧንቧ በመምታት ነው። በጭልፋ መቱት። ከሥር እኔ፣ ከላይ የአምስተኛ ፎቅ ጎረቤቶቻችን እነ ዩሪ፣ ሁላችንም ሰማን። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሰማን። ማስታወቂያዎን አንብበናልና የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግን።

በማግስቱ ልጃቸው ቁልፍ ይዛ መጥታ ወለል ላይ አገኘቻቸው። ልጠይቃቸው ብሄድ «ሊዳዬ፣ እኔኮ ሕንጻው ሁሉ ገበያ የወጣ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። አንዳች ቅያሜ የለባቸውም፤ አንጀቴን የሚያቃጥለውም እርሱ ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ይራመዳሉ ብሎ አይምልም።

ክቡርነትዎ፣ በትሕትና ልንገርዎ፤ ሥራዎ ያቅለሸልሸኛል። መዝጊያዎቻችን ይመለሱልን፣ አየሩ ከቧንቧው ይውጣ፣ ያ ወረቀትም ከግድግዳው ይነሳ። ይህን ለማድረግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ከወንበር መነሳት ብቻ ይበቃል።

በቸርነትዎ የወረደብኝን ላብ እየጠረግሁ፣ ወገቤን ሰብሬ እጅ የምነሳ፣

ሊዲያ ኬለር፣ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርት፣ ሦስተኛ ፎቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነዋሪዎች ተሰብስበን አንድ ነገር ወስነናል። ከዛሬ ጀምሮ ቧንቧው በተንኳኳ ቁጥር፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ የወደቀ ሰው አለ ብለን ሁላችንም ወጥተን በር ለበር እንጠይቃለን። እርስዎም ሰው ነዎትና ሊወድቁ ይችላሉ፤ ቤትዎም ከሕንጻችን ፊት ለፊት መንገድ ተሻግሮ ስለሆነ ከእርስዎ በር እንጀምራለን። እባክዎ ቶሎ ይክፈቱልን። ከዘገዩ ግን ወድቀዋል ብለን ሰግተን በሩን እንሰብራለን።