ሁለቱም አፈር የእኛ ነው

ውድ ልጄ እፀገነት፣

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ አባርራለሁ፤ ከሮቢት እስከ ቆቦ ገበያ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፤ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ወጤንም ራሴ እሠራለሁ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደልም ይኸው አልጠፋችኝም። ይህን ደብዳቤ ለሰው አላስጻፍኩም፤ የሚያስጽፉት ዓይነት አይደለም።

ሐሙስ በአስተማሪዎቹ ፊት ቆመሽ የክረምቱን ሥራሽን ታቀርቢያለሽ። ሳትቆሚ ይህን አንብቢ። «አባዬ፣ የእኛና የአራጌ ማሳ አፈር አንድ ሆኖ ተገኘ። የእኛን ማሽላ ከጨረሰው ከአቀንጭራ አረም የእሱን ያዳነው ዘሩ ነው ማለት ነው» ብለሽ በደስታ ጽፈሽልኝ ነበር። ልጄ፣ አፈሩ አንድ የሆነው ሁለቱንም ፌስታል ከእኛ ማሳ ስለሞላሁት ነው።

ለዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ የሁለቱን ማሳ አፈር ይላኩልኝ ስትዪ «አራጌን አስፈቅደው ይቆፍሩ» ብለሽኛል። እኔ አራጌን! የጎርፍ ቦዩን ከዘጋብኝ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሰላምታ የነፈግሁትን ድንበርተኛ! ጎህ ሲቀድ ዶማና ፌስታል ይዤ ማሳው ገባሁ። ሁለት ጭብጥ እንደዛቅሁ ከኋላዬ መጣ።

«ድንበር መግፋት ቢያቅትህ በፌስታል ልትጨርሰው ነው?»

«ለሳይንስ ነው፣ ዞር በል!»

«ሳይንስ ማነው ደግሞ? ጥራው፣ አብራችሁ ትቀምሳላችሁ!»

ዱላውን ትከሻዬ ላይ አሳረፈው። በዶማው እጀታ ክንዱን መታሁት፤ ሲሰበር ሰማሁት። ወደቀ። አገር የሚያውቀው እስከዚህ ነው። ወድቆ ሳለ ግን ደገምኩት፣ እዚያው የተሰበረው ላይ። እንደሚታረድ በሬ አጓራ። ሚስቱ ታንጉት ጩኸቱን ሰምታ ስትሮጥ መጣችና አውራ ጣቴን ነከሰችኝ፣ ጥርሷ አጥንቴን እስኪነካ። ስትለቀኝም «ሽበትህ ይርገፍ፣ አንተ ጅብ!» አለችኝ። ፌስታሉ ተቀዶ አፈሩ በደማችን ተቦክቷል።

አፈሩን ሳልክልሽ ብቀር ለምን ትዪኛለሽ ብዬ አፈርኩ። ከእኛ ማሳ ዝቄ «የአራጌ» ብዬ ጻፍኩበት። በዚያ በተነከሰ ጣት ነው የጻፍኩት፤ ፊደሉ ተንጋዶ ሳታዪው አልቀረሽም።

ሐሙስ ተሳስቻለሁ እንዳትዪ። አባቴ ዋሸኝ በይ፣ ስሜንም ጥሪ።

ልምጣና ላስታርቃችሁ ደግሞ እንዳትዪኝ፣ የራሴን ራሴ እጨርሳለሁ። ክንዱ እስኪጠገን የአራጌን ማሳ የማርመው እኔ ነኝ፤ ታንጉት ቆማ ስትሰድበኝ ብትውልም አርማለሁ። አፈሩን አራጌን ራሱን ለምኜ አመጣልሻለሁ፤ እምቢ ካለኝ በማግስቱም ደጁ እቆማለሁ። ደግሞ አራጌ ወድቄ ተመታሁ ለማለት አፍሮ፣ አንድ ጊዜ መታኝ ብሎ ነው የከሰሰኝ። እሑድ ሽማግሎች ሲቀመጡ፣ ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ወድቆ ሳለ ነው ብዬ እኔ እናገራለሁ።

አባትሽ ጋሹ