ብርድ ፍለጋ በአሰብ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

የጋራዣችን ሊቀመንበር ሦስቱንም የፍተሻ ወረቀቶች ፊቴ ዘረጋቸው። በሦስቱም ግርጌ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፦ «ተፈትሿል፤ ጉድለት አልተገኘበትም።» በመካኒክነቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሹፌሩን ጋሽ ተካን ሊያሳስራቸው ነው። እህል ጭነው ደብረ ብርሃን ባደሩ ቁጥር፣ ጠዋት የመኪናዋ ማርሽ አልገባ ይልና ኮንቮዩ ይቆማል። ሦስተኛ ጊዜው ነው። እሳቸው «ሲበርዳት ትለግማለች» ይላሉ። ሊቀመንበሩ ደግሞ «መኪና አይለግምም፤ የሚለግመው ሰው ነው» አለ። ዘንድሮ ልግመኛ መባል ምን እንደሚያመጣ ማንም አያጣውም። ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ማስረጃው የእኔ ፊርማ ነው።

በራሴ ፊርማማ ሰው አይታሰርም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

ያየሁት፦ የዘይቱ መጠን፣ ልክ ነው። ፊልትሮው፣ ንጹሕ። የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። እስከ ጨው ማምረቻው ነድቻት ተመለስኩ። ማርሿን እየቀያየረች ስትሄድ ምንም አይሰማም። ከጋራዡ መኪኖች አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ የሚያወዳድሯት እህት የላትም።

ጋሽ ተካ ጥላው ሥር ተቀምጠው ያዩኛል። «ልጄ፣ አንተ ብርዱን አምጣ እንጂ ራሷ ትነግርሃለች» አሉኝ። ተናደድኩ። አሰብ ላይ ብርድ ከየት ይመጣል? ታኅሣሥ ነው እየተባለ እንኳ ገና ሳይረፍድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል።

ምሳ ሰዓት ሎሚ በበረዶ አዘዝኩ። አንዴ ፉት አልኩና ብርጭቆውን ትቼ ተነሣሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7

የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤቱ ጠባቂ አህመድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወላሂ፣ በረዶ ለዓሣ ሰጥቼ አውቃለሁ። ለካምቢዮ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ!» ስምንት ብሎክ ሰጠኝ። በማዳበሪያ ጆንያ እየጠቀለልን ካምቢዮውን ዙሪያውን አለበስነው። ጋራዡ በሙሉ አላገጠብን። አንዱማ ጋቢ ሊያመጣላት ፈለገ።

አምስት ሰዓት ሙሉ ካቀዘቀዝናት በኋላ ጋሽ ተካ አስነሡና ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ንቅንቅ የለም። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ላይ ደንገጥ ብላ ወደፊት ተወረወረች። «ለገመች! ለገመች!» እያልኩ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ጋሽ ተካ ግን መሪው ላይ ተደፍተው አለቀሱ።

ደስታዬ የካምቢዮውን ዘይት አውርጄ እስካይ ነው የቆየው። እንደ ማር እየተሳበ ወረደ። ይቺ መኪና የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላትም፤ ማርሿን የሚለውጠው ዘይቱ ራሱ ነው፣ በግፊቱ። ዘይቱ ከረጋ ማን ይለውጥላት?

ወፍራሙን ዘይት ያስሞላሁት ደግሞ እኔ ነኝ። «ለአሰብ ሙቀት ቀጭን ዘይት ውሃ ነው» እያልኩ ስንቱን አስተምሬያለሁ። መኪናዋ አሰብ እንደማትኖር፣ ደጋ እንደምትወጣ ረሳሁት። እኔ ራሴ ባላበኝ ቁጥር አገሩ ሁሉ የሚያልበው ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ቀጭኑን ዘይት ሞላሁ፤ ፊልትሮውንም ለወጥኩ። እንደገና በረዶ። አህመድ አሁን አይስቅም፣ ራሱ እየተሸከመ ያመጣል። ሁለት ሳልቆጥር ተንቀሳቀሰች።

የቀረው መናገሩ ነው። ጋሽ ተካን የሚያስረው ሰው እኔን ለማሰር ምን ይከብደዋል? ፈርቻለሁ፤ እዚህ እንኳ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ።

ባለቤቴ አልማዝ፦ «የሁለት ልጆች አባት ነህ፤ አፍህን ሰብስብ።»

ጋሽ ተካ ደግሞ፦ «ዘይቱ ተበላሸ በል። ዘይት አይታሰርም።»

ሳቅን። ግን ተበላሸ ካልኩ ማን አበላሸው ይባላል፤ ጣቱም መልሶ እሳቸው ላይ ያርፋል። ወፍራሙን ዘይት ያዘዝኩት እኔ መሆኔን በአጭሩ ጻፍኩና ፈረምኩ። አራተኛው ፊርማዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

ከስብሰባው በፊት ሊቀመንበሩን ወደ በረዶው ጎትቼ ወሰድኩት። ጠዋት ሁለት ጣሳ ቀብሬ ነበር፣ አንዱ አሮጌው ዘይት፣ አንዱ አዲሱ። ሁለቱንም ደፋኋቸው። አዲሱ ፈሰሰ፤ አሮጌው ጣሳው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጣቱን ሰዶ ነካው።

«ታዲያ ልግመኛው አንተ ነህ ማለት ነው?»

«ተሳሳትኩ እንጂ አልለገምኩም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበው። ጋሽ ተካ ከኮንቮዩ ጋር እንዲወጡ ፈቀደ። የእኔን ጉዳይ «ማክሰኞ ትጠራለህ» ብሎ ዘጋው። ጋሽ ተካ ግንባሬን ሳሙኝና መኪናቸው ላይ ወጡ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

እሑድና ሰኞ አንድ መስመር መጻፍ አልቻልኩም። ሰኞ ማታ ደብረ ብርሃን እንደሚያድሩ አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ብትቆምስ? ያኔ በረዶውም፣ ጣሳውም፣ የእኔም ቃል ተረት ሆኖ ይቀራል።

ከምሳ በኋላ ለዘጠኝ ሰዓት ተጠራሁ። አልማዝ ንጹሕ ሸሚዝ ሰጠችኝ። ልወጣ ስል የቴሌግራም አዳዩ በር ላይ አገኘኝ። ከደብረ ብርሃን ነው፣ ሁለት ቃል፦

«አልለገመችም። ተካ።»

አልማዝ እንድታነበው ሰጠኋት። አጥፋ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀራል፤ ልሂድ።