ማንኪያውን ቀድመው የሚያነሱት፦ የወይዘሮ ፕዮ ኦክሬ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፕዮ ኦክሬ ከአባታቸው ከአቶ ፕዮ ሳንሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪ ዎልሴ፣ ቦልግዮ አጠገብ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃ ብቻ ሆና በምትቀር መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በበጉ ዓመት ተወለዱ፤ በዚያ አገር ዓመታት በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም ይጠራሉ፣ እያንዳንዱም እንስሳ በየአሥራ ሁለት ዓመቱ ይመለሳል። መዝገቡ ግን 1945፣ የዶሮው ዓመት ይላል። አባታቸው ከእሳቸው በፊት ሁለት ልጆች ስለሞቱባቸው፣ “ይቺኛዋ መክረሟን ሳላይ አላስመዘግብም” ብለው ጠበቁ። ሕፃኗ ከእቅፍ ወርዳ ስትድህ፣ ከደጅ ስትመለስ፣ ደግሞ ስትወጣ አዩና፣ “እንዲህ የምትቅበጠበጠውን ሞትም ሮጦ አይዛትም” ብለው አስመዘገቧት። የተበሉትን ሁለት ዓመታት ግን የመለሰላቸው የለም። ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩባቸው ኖሩ። ታላቅ ማንኪያ ሳያነሳ ታናሽ በማይጎርስበት አገር ሁለት ዓመት ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1956 በመንደራቸው ጨረሱ። መምህራቸው አንድ ቀን፣ “ኦክሬ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ?” ቢሏቸው፣ “የለም መምህር፣ እሾሁ እግሬ ላይ ነው” ብለው መልሰዋል። ለዚህም ተገርፈዋል። ከዚያ በኋላ በሳንቃ ላይ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በሌላው እግራቸው ጭቃውን እየገፉ፣ ከእናታቸው ጋር ዛጎል ለቀሙ። በጭቃ ላይ የቆመ ይሰምጣል። ስለዚህ መቆም አልለመዱም።

ወደ ግዋንግጁ ከተማ ወጥተው በ1968 በረዳት ነርስነት ተመረቁ። በ1970 የአውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት ከአቶ ማ ዶክቺል ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። አቶ ዶክቺል፣ “አውቶቡስ ሙሉ ሰው ስነዳ ውዬ አልደክምም፤ አንቺን ቁጭ ብዬ ሳይ ግን ይደክመኛል” ይሏቸው ነበር። እሳቸውም፣ “እንግዲያው አትየኝ፣ ሰሃኑን እጠብ” ይሉ ነበር። አቶ ዶክቺል በ2005 ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሰሃን ማጠቡን እስከ መጨረሻው አልተዉም።

ወይዘሮ ኦክሬ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መቀመጥ አቃታቸው። በ2009 የአረጋውያን መጦሪያዎችን የእንክብካቤ ጥራት እየዞረ የሚመዝን ቡድን ውስጥ ገቡ። መዛኞች የሚመጡበት ቀን አስቀድሞ ይነገራል። ስለዚህ በዚያ ቀን ቆሻሻ መጦሪያ የለም፤ መጋረጃው አዲስ ነው፣ አበባው ትኩስ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ወገቡ እስኪቆረጥ ያጎነብሳል። ባልደረቦቻቸው ወረቀት ሲያገላብጡ ወይዘሮ ኦክሬ ወደ ምግብ አዳራሹ ሄደው ይቀመጡ ነበር። በሕይወታቸው ሳይቁነጠነጡ የተቀመጡት እዚያ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ሱንቾን አካባቢ ኮረብታ ላይ ባለ መጦሪያ፣ የባሕር ቅጠሉ ሾርባ ቀርቦ እየጨሰ ሳለ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት አሮጊቶች ማንኪያቸውን ሳይነኩ እርስ በርስ ተያዩ። ሾርባው ቀዘቀዘ።

“ለምን አትበሉም?” አሏቸው።

“ታላቃችንን እየጠበቅን ነው” አሉ አንዷ።

“ማን ናት ታላቃችሁ?”

“እኔ ምን አውቄ፤ ከነዚህ ሴቶች ጋር የተያየነው ዛሬ ነው። ሌላ ቀን አልጋችን ላይ ነው የሚያጎርሱን።”

የዚያ ቤት ደረጃ ወረደ። ወይዘሮ ኦክሬ ይህን ዘዴ ለወጣት መዛኞች ሁሉ አስተማሩ። ከሁሉ አብልጠው ያስተማሩት ወይዘሪት ቢን ሶልሂን ነው። “ወረቀቱን ተይና ማንኪያውን እዪ። አብሮ የሚበላ ሰው ታላቁን ያውቃል” ይሏት ነበር። እግረ መንገዳቸውንም፣ “እኔ ራሴ በግ ነኝ፣ መዝገቡ ነው ዶሮ ያደረገኝ” ይሉ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

በ2021 በስትሮክ ታመሙ። ቀኝ ጎናቸው ደከመ፣ ንግግራቸውም ከጥቂት ቃላት በቀር ጠፋ። ልጆቻቸው አቶ ማ ጂንቴና ወይዘሮ ማ ኡንሚ ብዙ መጦሪያዎችን ዞረው፣ በሩ ላይ ከፍተኛውን ደረጃ በመስታወት አስገብቶ የሰቀለውን መረጡ። የቤቱን ስም ወይዘሮ ኡንሚ እዚህ እንዳይጻፍ ብለዋል፤ ቀብር ላይ ጠብ አያስፈልግም። ወይዘሮ ኦክሬ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገቡ የተሰቀለውን ቀና ብለው አዩና፣ “የአንድ ቀን” አሉ። የሰማቸው ሁሉ ስትሮኩ ነው ብሎ አለፈው።

ደካማው እግራቸው መሄድ ባይችልም ጤነኛው እምቢ አለ። ከወንበራቸው እየተነሱ ሁለት ጊዜ ወደቁ። ከዚያ በኋላ በቀበቶ ከወንበሩ ጋር ታሰሩ። “እማማ እንዳይወድቁ ብለን ነው” አለች አስታማሚዋ። እውነቷን ነው፤ ብቻዋን የምትጠብቀው ሰው ከአንድ መንደር አያንስም። ወይዘሮ ኦክሬ ግን ቀኑን ሙሉ በግራ እጃቸው ማሰሪያውን ሲጎትቱ ይውሉ ነበር፤ እጃቸውም ተላጠ። ጠያቂ ሲመጣ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ስር ይከቱታል። ለምን እንደሚደብቁ ማንም አልጠየቃቸውም።

አቶ ጂንቴ እንክሰስ አሉ። ወይዘሮ ኡንሚ መኪና ውስጥ መሪውን እንደያዙ፣ “ከሰን እኛ ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ እሷ የምትቀረው እነሱ እጅ ላይ ነው” አሉ። ሌላ መጦሪያ ፈለጉ፤ ወረፋው ረጅም ነበር። ያን ክረምት ስልክ በጮኸ ቁጥር በእኛ በቤተሰቡ ቤት ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ይነሳ ነበር። የእሳቸው እሾህ ወደ ሁላችን እግር ተዛመተ።

በ2023 ጸደይ የምዘናው ቀን ደረሰ፤ ቤተሰብም ተጋበዘ። መጋረጃው አዲስ ነበር። ወይዘሮ ኦክሬም ጠዋት ቀበቶው ተፈትቶላቸው፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ እጀ ረጅም ሹራብ ለብሰው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡ። ነገር ግን የማንኪያው ዘዴ ለመዛኞች ብቻ አልቀረም ነበር፤ ምስጢር ሦስተኛ ጆሮ ካገኘ ገበያ ይወጣል። ሥራ አስኪያጇ መዝገብ አይታ የጠረጴዛውን ታላቅ ለይታለች፦ የዝንጀሮው ዓመት፣ የ1944ቷ ወይዘሮ ናም ጁምቦክ። “እማማ፣ ሾርባው ሲቀርብ እርስዎ ቀድመው ያነሳሉ፣ እሺ?” ተብለው በደንብ ተለማምደዋል።

ሾርባው ቀረበ። ከመዛኞቹ ጋር የመጣችው ወይዘሪት ሶልሂ ጥግ ላይ ቆማ አየች። ወይዘሮ ጁምቦክ እንደ ሙሽራ ቀና ብለው ማንኪያቸውን አነሱ። ሶልሂ ደስ ብሏት ለመዞር ስትል፣ አንድ የግራ እጅ ጠረጴዛውን ተሻግሮ የወይዘሮ ጁምቦክን አንጓ ጭምቅ አደረገው።

“በግ” አሉ ወይዘሮ ኦክሬ።

“ምን አሉ እኚህ ሴትዮ? እጄን ይልቀቁኝ እንጂ።”

“በግ። እኔ።”

“የምን በግ? እዚህ ታላቅ እኔ ነኝ፣ ጠዋት ነግረውኛል። እኔ ዝንጀሮ ነኝ።”

“አንቺ ታናሽ” አሉ ወይዘሮ ኦክሬ። በሩ ላይ “የአንድ ቀን” ካሉ ወዲህ ሁለት ቃል ሲያያይዙ የተሰማው ያን ቀን ነው።

“አንቺ? ማንን ነው አንቺ የምትዪው? ስምሽን እንኳ ሳላውቅ!” ብለው ወይዘሮ ጁምቦክ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። “እናንተስ ምንድን ናችሁ?” አንዷ ጥንቸል ነኝ አሉ፤ ሌላዋ እባብ ነኝ ግን አልከራከርም አሉ። ጥንቸሏ ከሁሉም እንደሚበልጡ ወይም ከሁሉም እንደሚያንሱ ማንም አላወቀም፤ ጠረጴዛው ገበያ ሆነ። ሥራ አስኪያጇ እየሳቀች፣ “እማማዎች ሲጫወቱ ነው” አለች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ሶልሂ ገና “በግ” የሚለውን ስትሰማ መዞሯን ትታ ነበር። ቀርባ ፊታቸውን አየች፣ ተንበረከከችም። “እትዬ ኦክሬ? እርስዎ ነዎት?” እሳቸው የግራ እጀታቸውን በጥርሳቸው ወደ ላይ ሰበሰቡላት። ሶልሂ የተላጠውን አየች፤ እጇንም ከመቀመጫው ትራስ ስር ሰደደችና ቀበቶውን ጎትታ አወጣች። ወይዘሮ ጁምቦክን፣ “ከእኚህ እናት ጋር ከዚህ በፊት በልተው ያውቃሉ?” ብላ ጠየቀች።

“በልቼ ቢሆን በግነቷን አጣው ነበር?” አሉ ወይዘሮ ጁምቦክ፣ አንጓቸውን እያሹ።

ሶልሂ “አስተማሪዬ ናቸው፣ ላዳላ እችላለሁ” ብላ ለቡድኑ ስለተናገረች ደረጃውን የጻፉት ሌሎች ናቸው። ውጤቱ እስኪመጣ ወይዘሮ ኡንሚ በየቀኑ እየሄዱ የእናታቸውን እጅ ያዩ ነበር። በመጨረሻ በሩ ላይ የተሰቀለው መስታወት ወረደ፤ ቀበቶዎቹ ተሰበሰቡ፤ ተጨማሪ አስታማሚዎች ተቀጠሩ። ወይዘሮ ኦክሬ ከዚያም በኋላ አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ወለሉ ላይ ሆነው ሳቁ። ጠረጴዛው ግን በየቀኑ ተዘረጋ፤ ወይዘሮ ጁምቦክም ለአንድ ሳምንት አኩርፈው ከቆዩ በኋላ፣ “ይሁን፣ አንሺ እንግዲህ፣ እትዬ በግ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ” አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ቀድመው የሚያነሱት ወይዘሮ ኦክሬ ሆኑ። አንዳንዴም ወይዘሮ ጁምቦክን ለማናደድ ሆን ብለው ይዘገዩ ነበር።

በ2024 የመከር ወራት በሳንባ ምች ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 19 ቀን በሰማንያ አንድ ዓመታቸው አረፉ። መዝገቡ ሰባ ዘጠኝ ይላል፤ መዝገቡን ተዉት። የመቃብራቸው ድንጋይ ላይ የተቀረጸው 1943 ነው። ክርክሩን አሸንፈዋል። ባረፉበት ዕለት ማለዳ በመጦሪያው ጠረጴዛ ማንም አልበላም። አስታማሚዋ “እማማ ጁምቦክ፣ አሁን እርስዎ ነዎት” ብትላቸው፣ “ትመጣለች፣ ልታናድደኝ ነው የዘገየችው” ብለው ሾርባቸውን እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ።

ወይዘሮ ፕዮ ኦክሬ ልጆቻቸውን አቶ ማ ጂንቴንና ወይዘሮ ማ ኡንሚን፣ እንዲሁም ቁጭ ማለት የማያውቁ የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸው ማንም የማያስራት፣ “ቁጭ በዪ” የማይላት ሰፊ ደጅ ትግባ፤ እዚያም ከበግ በላይ የሆነ ታላቅ ካለ ተከራክራ ትርታ።

ይህ ተነብቦ ሲያልቅ የበሬ ሥጋ ሾርባ ይቀርባል። ወይዘሮ ናም ጁምቦክ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቀበቶ በሌለው ወንበራቸው ተቀምጠዋል። ከእንግዲህ የጠረጴዛው ታላቅ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ፣ ቢርባችሁም፣ ቢቀዘቅዝባችሁም፣ እሳቸው ማንኪያቸውን እስኪያነሱ ድረስ ማንም እንዳይጀምር።