«እርስዎ» የተባልሽባቸው ሦስት መልሶች

አባታችን በጩኸትሽ ብዛት «ደወል» ብሎ ስም ላወጣልሽ ለውድ ታናሽ እህቴ፤

እንዴት ከረምሽ? ቁስሉ ጠገገልሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ምግብ በጉሮሮሽ መውረድ ጀመረ? ጥያቄ ማብዛቴ እንደ ድሮው ልቆጣጠርሽ አይደለም፤ አምስት ወር ሙሉ ሳልጠይቅሽ የቀረሁትን ሁሉ በአንድ ገጽ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እኔ ለክፉ አልሰጥም። ዓይኔ ድኗል፤ ጉልበቴ ግን ደረጃውን ገና ሲያየው ያኮርፋል።

ይህን በእጄ የምጽፈው ኮምፒዩተሩ ስለተበላሸ አይደለም። ተበላሽቶ ቢሆን ደግ ነበር። በኢሜይል ብልክልሽ ያንን መልስ ከሰጠሽ አድራሻ ስለሚመጣ ሳትከፍቺው ታልፊዋለሽ ብዬ ፈራሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ በኋላ ብትቀጂውም መብትሽ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ኢሜይሉ የይለፍ ቃል አምጪ እያለ አላስገባኝ አለ። እጽፋለሁ፤ መልሶ ይጠይቀኛል። ሰባት ጊዜ ጻፍኩ፤ አንድም ፊደል አልሳትኩም። በመጨረሻ ምድር ቤት ኮምፒዩተር የሚጠግነውን ጎረቤቴን ጠራሁት። ከኪሱ ብሎን ስለማይጠፋ ሕንፃው ሁሉ «ብሎን» ይለዋል፤ ሽበት የወረረው፣ ከእጁ ምላሱ የሚፈጥን ሰው ነው። እማማ፣ የይለፍ ቃሉ ልክ ነው፤ ስላረጀ ነው የማይቀበለው፣ ያረጀ ነገር ማን ይፈልጋል፣ አለኝና እኔን እንዳላየ ሆነ። እንዲህ እየቀለደ በአዲስ ቀየረልኝና የኢሜይሉን ማስተካከያ ገጽ ከፈተ። ከዚያ ቀልዱ ቆመ። እማማ፣ እርስዎ እስካሁን የሉም እንዴ? አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይኔን ሞራ ልገፈፍ ስገባ ሐኪሙ ለአንድ ወር ማንበብ ከልክሎኝ ነበር። ብሎንም ሁለት ነገር አስተካከለልኝ፤ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ገቢ ሣጥኑን አልፎ «በኋላ የሚነበብ» ወደሚል ማኅደር እንዲገባ፣ ለጻፈልኝም ሰው ማሽኑ ራሱ መልስ እንዲሰጥ። እሱ «የለሁም፣ ስመለስ እጽፋለሁ» ይበቃል ብሎ ነበር። በስሜ እንዲህ ያለ ስድ አማርኛ አይወጣም ያልኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት የቢሮ ጸሐፊ ሆኜ እንደኖርኩት አድርጌ አስጻፍኩት፤ «ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በአሁኑ ጊዜ ለእርስዎ መልስ ለመስጠት አልችልም። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ።» አራት ነጥቡን ሳይቀር አረምኩት። ለማላውቀው ሰው ብዬ ነበር። አንቺ የማውቅሽ መሆንሽን ማሽኑ በምን ይወቅ?

ዓይኔ ሲድን ሁለቱንም ማንሳት ረሳን። በየጠዋቱ ገቢ ሣጥኑን እከፍታለሁ፤ ባዶ ነው። ሌላ ማን ይጽፍልኛል ብዬ አልደነቀኝም፤ አንቺን ግን ታዘብኩሽ። መጨረሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ተራው የእሷ ነው፣ አልኩ። ተራ! ልጅ ሆነን ፊት ለመታጠብ እንኳን ተራዬን የማላስነካ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ግትርነቴን ሥርዓት እያልኩ አምስት ወር ተቀመጥኩበት።

ብሎን ማኅደሩን ሲከፍተው አርባ አንድ ደብዳቤ ወጣ፤ ሠላሳ ስምንቱ ማስታወቂያ፣ ሦስቱ ያንቺ። በመጀመሪያው ድምፅሽ መጎርነኑን፣ ሐኪሙም እብጠት ማግኘቱን ነግረሽኛል። በሁለተኛው «ሊያወጡት ነው፤ ድምፄም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ደውይልኝና እታለም ብዬ ልጥራሽ» አልሽኝ። ይህን ብለሽ ያገኘሽው መልስ «ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ» ነው። ሦስተኛው ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «እርስዎ ካሉኝ እኔም እርስዎ ብያለሁ። ነገ ሐኪም ቤት እገባለሁ፤ ጤና ይስጥልኝ።» ቀኑን አየሁት። ስድስት ሳምንት አልፎታል።

ብሎን ላይ ጮኽኩበት፤ ማሽንህ እህቴን አሳጣኝ አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እማማ፣ ማሽን የታዘዘውን ነው የሚያደርገው፤ ማንሳቱን የረሳሁት ግን እኔም ነኝ፣ ይውቀሱኝ፣ አለኝ። ከዚያ ሁለቱን ትእዛዞች ከማሽኑ አጠፋቸው። ሁለት ጊዜ ጫን አደረገ፤ አለቀ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ወዲያው ደወልኩ። ልጅሽ አንስታ፣ አክስቴ፣ እማዬ አጠገቤ ናት፣ ትሰማለች፣ ብላ ስልኩን ጆሮሽ ላይ አደረገችው። ትንፋሽሽ ሲያፏጭ ሰማሁ። በሰው ሁሉ ፊት ንግግር የማያጥረኝ ሴት አንድ ቃል አጣሁ። ሁለታችንም ዝም እንዳልን ተዘጋ። ያንቺ ዝምታ ምክንያት አለው፤ የእኔ ምን አለው?

ፖስታ ቤት ይህ በአሥር ቀን ይደርሳል ብሎኛል። ስለዚህ የዛሬ ሦስት እሁድ፣ በአሥር ሰዓት፣ እደውላለሁ። አንቺ ምንም አትድከሚ። እኔ አወራለሁ፤ የማወራውም አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ እያልኩ ነው፣ እስኪሰለችሽ። ልጆች ሳለን ተኮራርፈን ስንተኛ፣ የአልጋውን እንጨት አንድ ጊዜ መምታት ታረቅን ማለት እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሁልጊዜ ቀድመሽ የምትመቺው አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ታላቅ ነኝ ብዬ እጄን እሰበስብ ነበር። አሁን ግን ቀድሜ የምመታው እኔ ነኝ፤ ስልኩን በጥፍሬ፣ አንድ ጊዜ። ከፈለግሽ ትመልሺልኛለሽ። ካልመለስሽም ተራው ያንቺ ነው አልልም፤ በሚቀጥለው እሁድ እንደገና እመታለሁ።

ስልኩን ጆሮሽ ላይ ለያዘችው ልጅሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እጇ አይድከም። ለአናጢው አማችሽም እንዲሁ፤ ልጅሽ ስልኩን ስታነሳ እንደነገረችኝ ያልጋሽን ራስጌ ከፍ አድርጎ ስለሠራልሽ አመሰግነዋለሁ። ለትንሿ የልጅ ልጅሽ ደግሞ ጉንጯን ሳሚልኝ። ድምፅሽን የወረሰችው እሷ ናት ይላሉ፤ ስትጮህ ማንም ዝም በይ እንዳይላት።

የደወል ታላቅ እህት

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን