የምራቴ ቅልጥም

ጥቅምት 6
ተራ ቀን። ጠዋት መስኮቶቹን ወለወልኩ። ከሰዓት የመደርደሪያውን የላይኛውን ረድፍ መጻሕፍት አራግፌ እንደ ቁመታቸው ደረደርኳቸው።
ምራቴ ከሩጫ ልምምድ እንደ ወትሮዋ ተመለሰች። እንደ ወትሮዋ? አይደለም። ደረጃውን በጎን ነው የወጣችው። ግራ እግሯን እያስቀደመች፣ ቀኙን እየጎተተች።
"ምን ሆነሽ?"
"ምንም እማማ፣ ደክሞኝ ነው።"
"ደክሞኝ ነው"ን አውቀዋለሁ። ባስተማርኩበት ሠላሳ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ። የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ የሚለው ነው።

ጥቅምት 9
ድንች ልትልጥ ወንበር ሳበች። እሷ ድንች ቆማ ነው የምትልጠው... መቀመጥ አትወድም። ስትቀመጥ አውራ ጣቷ ሳይታዘዝ ወደ ቅልጥሟ ሄደ። ስትነካው ፊቷ ተለወጠ።
"ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"ትንሽ ቀን ሆነው።"
"ትንሽ ማለት?"
"እማማ፣ ፈተና ነው እንዴ?"
"አዎ።"
"...ሦስት ሳምንት።"
ሦስት ሳምንት በሕመም ላይ ሮጣለች! ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን አልኳት። አልተከራከረችም። ያስፈራኝ አለመከራከሯ ነው።

ጥቅምት 10
የቅልጥሟ አጥንት ተሰንጥቋል። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየን። እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር። መነጽሬን ቀይሬ ነው ያየኋት። ይህቺ ናት እንግዲህ ሰው የምታስቆመው?
በክራንች ትሄዳለች። እስከ ኅዳር ማብቂያ ሩጫ የሚባል ነገር የለም።
አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "የታኅሣሡ ማጣሪያስ?"
ለክለቡ ቡድን የሚመረጡት በዚያ ውድድር ነው። ለዚህ ቦታ ሁለት ዓመት ለፍታለች። ሐኪሙ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ። "በመጀመሪያ አጥንቱ ይግጠም" አላት።
ታክሲ ውስጥ አላለቀሰችም። በመስኮቱ የእግረኞችን እግር ስታይ መጣች።

ጥቅምት 12
ልጄ ደወለ። የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ የሚያገኘው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ ቤቱ የእኔና የእሷ ነው።
"እማዬ፣ እንዴት ናት?"
"ከአንተ ትሻላለች። አትጮህ፣ እሰማለሁ።"
እውነቱን ልጻፍ... ሲያገባት ደስ አላለኝም ነበር። ሩጫ ሥራ ነው? ለጎረቤት "ስፖርት ነገር ትሠራለች" እል ነበር። ነገር!

ጥቅምት 15
ክለባቸው ደንብ አለው። የተጎዳ ሯጭ ቤት አይቀመጥም። በየማለዳው ሜዳ ይሄድና የሌሎቹን ልብስ ይጠብቃል። "የልብስ እረኛ" ይሉታል። ስሰማ ደሜ ፈላ።
"አንቺን? ልብስ?"
"እማማ፣ ቤት ተቀምጠን እንዳንሻግት እኮ ነው።"
"ከልብስ ጋር መሻገት ይሻላል?"
ሳቀች። ከሐኪሙ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ። ነገ አብሬያት እሄዳለሁ። በዓይኔ አይቼ ነው የምፈርደው።

ጥቅምት 16
አየሁ። ፍርዴን ላርም?
አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፣ ክራንቿ አጠገቧ። እየመጡ ጃኬታቸውን ይወረውሩላታል። "እረኛ፣ ያንቺን በግ ያዢ!" እያሉ። አጥፋ፣ አጥፋ ትደረድራለች። አደራደሯን ወደድኩት፤ እኔ እንኳ ያን ያህል ቀጥ አላደርግም። ዓይኗ ግን ከሯጮቹ አልተነቀለም። ሲመለሱ ለእያንዳንዷ ጃኬቷን ሳትሳሳት ሰጠቻት፣ ከጃኬቱ ጋር አንድ ቃል። "ክንድሽን ሰብሰብ።" "አንቺ ደግሞ መሬቱ ምን በደለሽ? ቀስ ብለሽ እርገጪው።"
ቀጭኗ የሚሏት ልጅ አለች። ምራቴ ካልሮጠች ቦታውን የምትወስደው እሷ ናት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ለእሷም "ሲደክምሽ ግራ ትከሻሽ ይወድቃል፣ እሱ ነው የሚጎትትሽ" አለቻት።
መንገድ ላይ አላስቻለኝም። "ለተቀናቃኝሽ ትነግሪያታለሽ?"
"ታዲያ ያየሁትን አላየሁም ልበል?"


ጥቅምት 27
ክፉ ቀን። ቁርስ አልበላችም። ምሳም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በር ላይ ቆሜ ስለ ትዕግሥት ተናገርኩ። በደንብ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፣ ከነምሳሌው...
"እማማ፣ እባክዎን አያስተምሩኝ!"
በሩን ዘጋሁት። ኩሽና ገብቼ ንጹሕ ብርጭቆ እንደገና አጠብኩ። ተቆጣሁ? ተቆጣሁ። ግን ተሳስታለች ወይ?
ከሰዓት በኋላ ክራንቿ ሲያንኳኳ ሰማሁ። ኩሽና መጥታ ቆመች።
"ሳልሮጥ ምን እንደምሆን አላውቅም።"
"ጡረታ የወጣሁ ሰሞን" አልኳት "ጠዋት ጠዋት ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ እዚህ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። የትም አልሄድም። ብቻ እቀመጣለሁ።"
"እስከ መቼ?"
"እስኪያልፍ።"
ሾርባውን አሞቅኩላት፤ ጨረሰችው።

ኅዳር 5
ክራንቹን ጣለች! እግሯን በእንቅስቃሴ የምታክማት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አዲስ ነገር አዘዘች። መዋኛ ገንዳ ውስጥ መሮጥ። የሚያንሳፍፍ ቀበቶ ታጥቆ፣ እግር መሬት ሳይነካ። ችግሩ ምራቴ ዋና አትችልም። ውሃ ከጉልበቷ በላይ ከመጣ ጸሎት ትጀምራለች።
"ፈራሽ?"
"በጣም።"
"እና?"
"እና ነገ በሁለት ሰዓት ነው።"

ኅዳር 6
እንዲህ ያለ ሳቅ ከሳቅኩ ዓመታት አልፈዋል። እንዳይረሳኝ በደንብ ልጻፈው።
ገንዳው ዳር ወንበር ሰጡኝ። ጥልቁ ጋ ገባች። ገርጥታለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እግሯ ግን ሮጠ። ትሮጣለች፣ ትሮጣለች፣ እዚያው ናት። አጠገቧ ሁለት ሽማግሌዎች ቀስ ብለው እየዋኙ አለፏት። ቀድመዋት መሄዳቸው ሲያናድዳት አየሁ።
እንግዲህ የክለቡ አሠልጣኝ የማይናገር ሰው ነው። ስሙ እንኳ ተረስቶ "ፉጨት" ነው የሚባለው። ሲያፏጭ ፍጥነት ጨምሩ ማለት ነው። ይህ ደማቸው ውስጥ ገብቷል።
የገንዳው ጠባቂ ሰዓት አልቋል፣ ውጡ ለማለት አፏጨ። ሰው ሁሉ ወጣ። የእኔዋ ፍጥነት ጨመረች! ጠባቂው ደግሞ አፏጨ። ይብስ ጨመረች። ውሃው ይፈላል፣ ክንዷ ይወናጨፋል። ሰውዬው ልጅቱ ሰጠመች ብሎ ከነጫማው ዘሎ ገባ።
"ያዢኝ! ያዢኝ!"
"ልቀቀኝ፣ እየሮጥኩ ነው!"
"ወዴት?!"
ስትወጣ ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡላት። ጠባቂው ከጫማው ውሃ እያፈሰሰ "እናት፣ ልጅቷ ደህና ናት?" ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። በሳቅ ብዛት ቃሉ የወጣልኝ በግድ ነው።

ኅዳር 19
በየቀኑ ገንዳ። አንድም ቀን አልፈራሁም ብላ አታውቅም፤ አንድም ቀን ቀርታም አታውቅም። ብዙ ጎበዝ ተማሪ አስተምሬአለሁ። ጉብዝና አያስደንቀኝም። ይህ ግን...

ኅዳር 28
ራጅ። መስመሯ የለችም። ሐኪሙ "ገጥሟል፣ ቀስ ብለሽ ጀምሪ" አላት። እሷም ከደስታዋ ብዛት የእኔን ቦርሳ አንጠልጥላ ወጣች።

ኅዳር 29
አጥንቱ ድኗል፤ እሷ ግን ታነክሳለች። ያምሻል? አያመኝም። ታዲያ? "አላውቅም እማማ። መሬት ሊነካ ሲል እግሬ ራሱ ይሰበሰባል።"
ባለሙያዋ አልተገረመችም። "የተቀጣ ልጅ እጁን እንደሚሰበስበው ነው። ቅልጥሙም እንደገና ማመን አለበት" አለች። ምሳሌዋን ወደድኩት። እንዲህ ያሉ ልጆች አውቃለሁ። ጩኸት አያድናቸውም።

ታኅሣሥ 4
ባለሙያዋ እንዳዘዘቻት፣ ሳህን ስታጥብ በቀኝ እግሯ ብቻ ትቆማለች። ጥርሷን ስትቦርሽ። ስልክ ስታወራ። ልጄ "ለምንድን ነው የምታቃስቺው?" ብሎ ጠየቃት።
ማንም ሳያየኝ እኔም ሞከርኩ። የመደርደሪያውን ጫፍ ያዝኩ። ከባድ ነው።

ታኅሣሥ 14
ዛሬ ሜዳ ላይ ሳታነክስ ሮጠች! ቀጭኗ ከጎኗ ነበረች። ሲጨርሱ ቀጭኗ "እረኛ፣ ናፍቀሽን ነበር፤ አሁን ግን ቀስ በይ፣ ቦታዬን እፈልገዋለሁ" አለቻት። ተቃቅፈው ሳቁ። ፉጨት ለማጣሪያው ስሟን አስገባ።

ታኅሣሥ 24
ከማጣሪያው በፊት አራት ቀን። አውራ ጣቷ እንደገና ቅልጥሟ ላይ ነው። እንዳላየሁ ጋዜጣዬን ገለጥኩ። እንዳየሁ አውቃለች።
"ይሞቃል" አለች። "ሕመም አይደለም። ብቻ ይሞቃል።"
"እና?"
"እንጃ።"

ታኅሣሥ 26
ባለሙያዋ ዳሰሰችው። ምንም ላይሆን ይችላል፣ የአዲስ ስንጥቅ መጀመሪያ ሊሆንም ይችላል አለች። ማጣሪያው ሳያልፍ ለራጅ ተራ አልተገኘም። ፉጨት በብዙ ቃል ተናገረ። ለእሱ ብዙ ነው፦ "እግሩ ያንቺ ነው።"
ልጄ ደወለ። "እማዬ፣ አትሩጪ በያት። አንቺን ትሰማለች።"
"ባሏ አንተ ነህ፣ ራስህ በላት።"
"ፈራሁ።"
"እኔም።"
ምን ልበላት? ሩጪ ብላት ብትሰበርስ? ተይው ብላት፣ ምንም ያልሆነ ቢሆንስ? ይህ ዓመት ካመለጣት ቦታዋ ሄደ። አያስተምሩኝ ብላኛለች።

ታኅሣሥ 28
ማለዳ ለብሳ ወጣች። ቁጥሯን ደረቷ ላይ ሰክታለች። ልትሮጥ ነው ማለት ነው አልኩ በልቤ። አብረን ሜዳ ደረስን።
ተሟሟቀች። ዙሩን በዝግታ ሮጠችው። አላነከሰችም! ያማረ ሩጫ ነበር፤ ሰው ዞሮ ያያት ጀመር። መነሻው መስመር ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ የመርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ቁጥሩን አጥፋ ለፉጨት ሰጠችው።
"ዛሬ አይደለም።"
ፉጨት ወደ ቅልጥሟ ተመለከተ።
"እርግጠኛ ነሽ?"
"እርግጠኛ ብሆንማ ይቀለኝ ነበር።"
ፉጨት ቁጥሩን በሁለት እጁ ያዘው። "ስንቱን ጉዳተኛ ከውድድር በግድ ጎትቼ አስወጥቼአለሁ" አለ። "ቁጥሩን በእጁ የመለሰልኝ የለም።"
መታጠቢያ ክፍል ገብታ ቆየች። አልተከተልኳትም። ስትወጣ ፊቷ ታጥቧል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሩጫው ሲጀመር አጥሩን ይዛ "ትከሻሽ! ቀጭኗ፣ ትከሻሽ!" ብላ ጮኸች። ድምፅዋ እስኪዘጋ። ቀጭኗ ቦታውን አገኘች። ሮጣ መጥታ ምራቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና አልለይ አለኝ።
ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። እኔ አወለቅኩላት።

ጥር 3
ራጅ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ አየው። በዚያው ቦታ የአዲስ ስንጥቅ መጀመሪያ ነበር። ያን ቀን ብትሮጥ ኖሮ ስንጥቅ አይደለም፣ ስብራት ነበር አለ። እኔ ወንበር ፈለግኩ። እሷ "አሁንስ ስንት ጊዜ?" ብቻ አለች።
የገንዳው ጠባቂ ዛሬ ሲያያት ጫማውን አውልቆ ጠበቃት።

የካቲት 21
ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ክለቡ አለፈ። በመጀመሪያ ሴቶቹ ተሰብስበው፣ እንደ አንድ ሰው እየተነፈሱ። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ። ከዚያ እሷ፣ ብቻዋን፣ በጣም ርቃ። ቀስ ያለ ሩጫ። ቀኝ እግሯ መሬቱን ሲነካ ሙሉውን ነካው። አልተሰበሰበም። ዓይኗ ሩቅ ያሉትን አያሳድድም፤ የታዘዘላትን ያህል ብቻ ትሮጣለች፣ አንድ እርምጃ አትጨምርም። አላየችኝም። ካለፈች በኋላም ቆሜ ቀረሁ፣ ዳቦው ደረቴን እያሞቀው።
ወረፋ የያዘ ሰውዬ "ያቺ የኋላዋ ቀረች፣ ምስኪን" አለ።
"አልቀረችም" አልኩት። "ከሁሉ የሚከብደውን እየሮጠች ነው።"
ዞሮ አየኝ። ምናልባት ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።
"ልጅዎ ናት?"
ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ስህተት ሳርም ኖሬአለሁ።
"አዎ" አልኩት፣ ወደ ቤቴም ገባሁ።